እየጮኸች ያምጧት

ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ወደ ጋራዡ ግቢ ሲገቡ መኪናቸው ለፎቶ የተሰናዳች ትመስል ነበር። ታጥባለች፣ መስተዋቷ ተወልውሏል፣ ጎማዋ ሳይቀር ቀለም ጠጥቶ ያብለጨልጫል። መምህሩ ወርደው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና፣ ጥፋት እንዳጠፋ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

«ትናንት እኮ ዳገቱ ላይ እየጮኸች ጉድ ነው የሠራችኝ» አሉ። «ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት ብቅ ብቅ እያለ አየኝ። አሁን ወደዚህ ስመጣ ግን ጭጭ አለች።»

ጋራዡን የምትመራው ሴት መካኒክ ኮፈኑን ከፈተች። ስሟን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ደንበኛው ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። የረጅሙን ብሎን መፍቻ፣ የካቻቢቴውን፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ትንሽ ቆይታም የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ፣ የትኛው ቺንጊያ እንደላላ ትናገራለች። በእሷ ጋራዥ ሳይሰማ የሚፈታ ብሎን የለም። አንድ ሠራተኛዋ ድምፅ ፍለጋ ብሎ የሰው ሞተር አውርዶ፣ ጥፋቱ የላላ ቺንጊያ ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ ጆሮ ያን ቀን የተናገረችውን ጎረቤት እስከዛሬ ያወራዋል።

አሁንም ካቻቢቴውን አስደግፋ አዳመጠች። ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል። ምንም የለውም።

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና ልቆጣዎት።»

«ተቆጪ» አሉ መምህሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ሲቆጡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ነገሩ አዲስ ሆኖባቸዋል።

«መኪናዋ ስትታመም ቤት ያስቀምጧታል። ሲሻላት ያጥቧታል፣ ዘይቷን ይቀይሩላታል፣ በሜዳ መንገድ ቀስ አድርገው ይዘዋት ይመጣሉ። ከዚያ ‘ምን ሆና ነው?’ ይሉኛል። ምን ልበልዎት? ደህና ናት ነዋ የምለው፤ ደህና ስትሆን እየመረጡ እያመጧት። እኔ ዘንድ ለመምጣት አያሳምሯት። ጭቃዋን እንደያዘች፣ ዳገት ላይ እንደጮኸች፣ እንዳመማት ያምጧት። እየጮኸች ያምጧት።»

ይህን ብላ ካቻቢቴውን ወደ ኪሷ ልትመልስ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። መምህሩ መኪናዋ ላይ አዲስ ጉድ ያገኘች መስሏቸው ደነገጡ። ጆሮ ግን የገዛ ድምፅዋን ነበር የሰማችው። የምትቆጣው መምህሩን አልነበረም። ራሷን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆሮ ራሷ ታማለች። ከታመመችም ቆይታለች። በየወሩ ቀኑ ሲደርስ ደሙ ማቆሚያ የለውም፤ ሕመሙ ከወገቧ ተነስቶ ጭኗ ድረስ እየወረደ ያንቀጠቅጣታል። ጥቁር ቱታ የምትለብሰው ግራሶ ስለማያሳይ ነው ትላለች፤ ውሸቷን ነው። መኪና ሥር ተንጋላ ጥርሷን ነክሳ የምትቆይባቸው ቀኖች አሉ። ሠራተኞቹ «ምነው ዘገየሽ?» ሲሏት «ዝም በሉ፣ እያዳመጥኩ ነው» ትላቸዋለች። የሰው ሞተር ትንሽ ሲያስነጥስ ሮጣ የምትደርስ ሴት፣ ለገዛ ሰውነቷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖራለች።

ሐኪም ጋ አልሄደችም እንዳይባል ሄዳለች፤ ያውም ደጋግማ። አካሄዷ ግን የመምህሩ አካሄድ ነበር። ደሙ እስኪያቆም ትጠብቃለች፣ ሕመሙ እስኪለቅ ትጠብቃለች። ከዚያ ገላዋን ትታጠባለች፣ ከጥፍሯ ሥር ያለውን ግራሶ በብሩሽ ፈትጋ ታወጣለች፣ ያላትን ደህና ቀሚስ ትለብሳለች። ሐኪሙ ሆዷን ጫን አድርጎ «እዚህ ያማል?» ሲላት «አሁንስ ደህና ነኝ» ትላለች። አልትራሳውንዱን ከሆዷ በላይ ያዩላታል። «በውስጥ በኩል ብናየው ይሻላል» ሲሏት ፊቷ ቲማቲም ይሆንና «ለዛሬ ከላይ ይበቃኛል» ብላ ትወጣለች። መኪናዋን አሳጥባ፣ ኮፈኑን ግን አትክፈቱብኝ ብላ መመለስ ማለት ይሄ ነው።

በመጨረሻ የደከመው አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ «ማህፀንሽ ተለቅ ብሏል። ስቃዩ እንደምትይው ከሆነ እናውጣው። ምን እንደነበረ በእርግጠኝነት የምናውቀው ከወጣ በኋላ፣ ላብራቶሪ ሲያየው ነው» አላት። እሷም እሺ አለች። ቀጠሮው ከሚመጣው ሳምንት ማዶ ነው። ሰው ሞተር ስላወረደ ስንት የተናገረች ሴት፣ የራሷ እንዲወርድ እሺ ብላ አድራለች። ለማወቅ ብቻ።

ቤቷ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። የጆሮ ቤት ጥግ በሙሉ የመኪና ዕቃ ነው፤ አልጋ ሥር ራዲያተር፣ ከበር ጀርባ ጭስ ማውጫ። እዚያች ክፍል ግን አንዲት ብሎን አትገባም። ባሏ በየጊዜው ይጠርጋታል፣ መስኮቷን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ለምን እንደሆነ እሱም አይናገርም፣ እሷም አትጠይቅም። እሺ ባለች ማታ ባሏ ክፍሏን ሲጠርግ በሩ ላይ ቆማ አይታዋለች።

ጆሮ መምህሩን ሸኝታ ወደ ጋራዡ ቢሮ ገባች። ቢሮ ማለት መስተዋት ያለው ቁምሳጥን የሚያህል ክፍል ነው። ውስጡ ስልክ አለ፣ የቁልፍ መስቀያ አለ፣ እናቷ አሉ። ስልክ የሚያነሱት፣ ደንበኛ የሚያባርሩትና የሚያባብሉት እሳቸው ናቸው።

«እማዬ፣ ሐኪም ጋ ልሄድ ነው። ሲያመኝ ነው የምሄደው። እየደማሁ።»

እናት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። «ምን?»

«እንዳመመኝ እሄዳለሁ። በውስጥም ይዩኝ፣ በውጭም ይዩኝ። ሳያዩኝ አልከፈትም።»

«አንቺ ልጅ፣ ትንሽ አታፍሪም? በደም ቀን ሐኪም ቤት ይኬዳል? ቀን የተቆረጠለትን ነገር ምን አዲስ ዘፈን አመጣሽበት? እኔ በአንቺ ዕድሜ አወጣሁት። አወጣሁት፣ አረፍኩ። አንቺም ታርፊያለሽ።»

«አረፍሽ። ምን ነበር የሆንሽው ግን?»

እናት የማይጮኸውን ስልክ አንስተው አዳመጡና መልሰው አስቀመጡት። «ወፍሮ ነበር አሉኝ» አሉ። «ወፍሮ ነበር፣ ተገላገልሽ አሉኝ። ሌላ ምን ሊሉኝ ነው?»

ጆሮ የእናቷ አንድ ልጅ ናት። ከእሷ በኋላ ሌላ እንዳልመጣ ታውቃለች፤ ለምን እንዳልመጣ ግን በዚህ ቤት ተወርቶ አያውቅም። የእናቷን ትከሻ ነካ አደረገችና ስልኩን ወደ ራሷ ሳበች። ቀደም ብለው ካዩዋት ሐኪሞች አንዱ በሴቶች አልትራሳውንድ የምትታወቅ ሐኪም ጠቁሟት ነበር። እዚያ ደወለች።

«ቀጠሮ ፈልጌ ነበር።»

«ለመቼ ይሁንልዎት?» አለች ስልክ ያነሳችው ልጅ።

«ሲያመኝ።»

«ይቅርታ?»

«ቀኑን አሁን አላውቀውም። ሰሞኑን ነው። ሲያመኝ እመጣለሁ።»

ልጅቷ ስልኩን በእጇ ከድና አንድ ሰው አናገረች። ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ልጅቷ ተመልሳ፣ «ዶክተሯ ይምጡ ብለዋል። ሲያምዎት ይምጡ፣ ከባለ ቀጠሮዎቹ መሐል አስገባዎታለሁ ብለዋል» አለች።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮ ያን ሕመም እንደ እንግዳ ጠበቀችው። ጠዋት ስትነሳ ወገቧን ታዳምጣለች፣ ቀን ደረጃ ስትወጣ ታዳምጣለች። ባሏ ማታ ከታክሲው ወርዶ «መጣ?» ይላታል፤ «ገና» ትለዋለች፤ ሁለቱም ባቡር እንደዘገየበት መንገደኛ ይሳሳቃሉ።

ይህ ባሏ ራሱ ወደ እሷ የመጣው በዝምተኛ መኪና ነው። ያኔ ገና ሳይተዋወቁ ታክሲውን እየደጋገመ ያመጣ ነበር። «ድምፅ አላት» ይላል፤ ጆሮ ታዳምጣለች፣ ድምፅ የለም። በኋላ ሰልችቷት «መኪናህ ደህና ናት፤ የታመምከው አንተ ነህ» ስትለው «እሱን እስክትደርሺበት ነው የጠበቅኩት» አላት። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ይሄ ቀልድ ውሃ አልበላውም።

ሕመሙ የመጣው ከምሳ በፊት ነው፤ ያውም መኪና ሥር እያለች። ወገቧን ጨምድዶ ያዛት። ጆሮ እግሯን ገፍታ ከመኪናው ሥር ተንሸራታ ወጣችና፣ ላብ ፊቷን እያጠበው፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ ሳቀች።

«ደውሉለት» አለች። «መጣ በሉት።»

ባሏ ተሳፋሪዎቹን ለጓደኛው አስረክቦ ከነፈ። «ቱታሽን አትቀይሪም?» አላት በሩን እየከፈተላት።

«አልቀይርም።»

«እጅሽስ?»

እጇን አየችው። እስከ ክንዷ ጥቁር ነው። «ጭቃዋን እንደያዘች» አለች። እናት የቢሮውን መስኮት ከፍተው ቆመዋል። ፊታቸው ተቆጥቷል፤ እጃቸው ግን ሳይታወቃቸው የመኪናው ጭራ እስኪጠፋ ይሸኛል።

ዶክተሯ አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ጠረጴዛ ላይ ስትፈልገው ነው ያገኟት። ጆሮን ከነግራሶዋ አይታ አልተገረመችም። አስቀመጠቻትና፣ «በይ ንገሪኝ» አለቻት።

ጆሮም ነገረቻት። ደንበኛ እንዲነግራት የምትፈልገውን ያህል ነገረቻት። መቼ እንደሚጀምር፣ የት እንደሚጀምር፣ ወዴት እንደሚወርድ፣ ስትተኛ ምን እንደሚል፣ ስትቆም ምን እንደሚል፣ ከባሏ ጋር ስትሆን ምን እንደሚል። ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ ግን ተናገረችው። «ደህና ነኝ» የምትል ቃል አልወጣትም።

«ኪኒን ሳልውጥ ነው የመጣሁት» ብላ ጨመረች፣ ትንሽ ኮራ ብላ።

«ይሄን ማን አድርጊ አለሽ?» አለች ዶክተሯ። «መዋጥ ትችይ ነበር፣ እህቴ። ማሽኔን ኪኒን አያታልለውም። የሚያታልለን ‘ደህና ነኝ፣ ከላይ ብቻ እዩኝ’ የሚለው ነው።»

ጆሮ አልጋው ላይ ወጣች። በውስጥ የሚገባው መሣሪያ ከፈራችው ቀጭን ነበር፤ ቅርጹ የካቻቢቴ እጀታ የሚመስል ነገር ነው። ይህንን ያህል ዓመት የሸሸችው ይሄን ከሆነ በራሷ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ዶክተሯ መብራቱን ቀነስ አደረገችና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችላት።

«አብረን እንየው። ይህ የማህፀንሽ የፊት ግድግዳ ነው። ይህ የኋላው። የቱ ይወፍራል?»

ጆሮ ሕመሟን ረስታ አንገቷን ቀና አደረገች። «የኋላው። እጥፍ ይሆናል።»

«እነዚህ ጥቋቁር ነጠብጣቦችስ?»

«ቀዳዳ ናቸው?»

«ፈሳሽ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው። ግድግዳ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ከሥራቸው ደግሞ በሽንቁር የሚገባ ብርሃን የመሰለ የተሰነጣጠቀ ጥላ ይታይሻል? አሁን ይሄን መስመር ተከተይ። እዚህ ጋ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ውስጠኛው ሽፋን ከግድግዳው የሚለይበት ድንበር ነው። ወደዚህ ስመጣ ግን…»

«ጠፋ።»

«ጠፋ» አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ ከፍ ብሏል፤ ወንበሯ ላይም ቀና ብላለች። «አሁን ቀስ ብዬ እነካሻለሁ። እዚህ ነው?»

«አይደለም።»

«እዚህስ?»

ጆሮ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ ጮኸች። ከዚያ ዕንባዋ እየወረደ መሳቅ ጀመረች። «እሱ ነው። እሱ ራሱ ነው፣ ዶክተር። እዚያው ላይ ነዎት።» ካቻቢቴዋ ጥፋተኛው ኩሽኔታ ላይ ሲያርፍ የሚሰማትን ታውቀዋለች፤ አሁን ግን ሞተሩ እሷ ናት፣ ያገኛትም ሌላ ሰው ነው። ይህን ያህል ዓመት ብቻዋን የሰማችውን ድምፅ ሌላ ሰው ሰማላት። ደስታው ከሕመሙ በለጠባት።

ዶክተሯ መሣሪያውን አውጥታ መብራቱን አበራች። «የማህፀን ግድግዳ ጡንቻ ነው» አለች። «ውስጡን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን አለ፤ በየወሩ ወፍሮ፣ ፈርሶ፣ ደም ሆኖ የሚወጣው እሱ ነው። ያንቺ ሽፋን ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። እዚያ ተቀብሮም በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል፤ መውጫ ግን የለውም። ግድግዳው የወፈረው፣ የሚያሰቃይሽም ለዚህ ነው።»

«ስም አለው?»

«አለው። አዴኖማዮሲስ ይባላል።»

ጆሮ ስሙን በከንፈሯ ደገመችው። «ሳይከፈት አወቁት።»

«ሳይከፈት። ድሮ ግን ማህፀኑ ካልወጣና በማይክሮስኮፕ ካልታየ አይታወቅም ነበር። ዛሬም ያንን ልማድ ያልተዉ አሉ። ብጠራጠር ኤምአርአይ አዝልሽ ነበር፤ ያንቺ ግን አልተደበቀም።»

«ልጅስ?» አለች ጆሮ።  እዚህ ያመጣት ነገር ሁሉ በዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ነበር።

ዶክተሯ መነጽሯን በመጨረሻ ከፀጉሯ ላይ አገኘችው። ዓይኗ ላይ አድርጋ አየቻት። «ቃል አልገባልሽም። አንዳንዷን ያስቸግራታል፣ አንዳንዷ ትወልዳለች። ደሙንና ሕመሙን የምናስታግስበት መድኃኒት አለ፤ ልጅ የምትሞክሩ ጊዜ የምናቆመውን እንመርጣለን። አንድ ቀን በቃኝ ካልሽ ማውጣትም ምርጫሽ ነው። ለማወቅ ብለሽ ግን አታወጪውም። አውቀነዋል። ለቀዶ ሐኪምሽ እኔው እደውልለታለሁ።»

ባሏ ኮሪደሩ ላይ የመኪና ቁልፉን እያሽከረከረ ይመላለስ ነበር። ጆሮ ስትወጣ ፊቷን አይቶ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም።

«አይወርድም» አለችው። «ሞተሩ አይወርድም።»

ባሏ ግራሶዋን ከምንም ሳይቆጥር አቀፋት፤ ነጭ ሸሚዙ ላይ የሁለት እጇ አሻራ ቀረ። መኪናው ጋ ሲደርሱ ቁልፉን የሌላ ሰው መኪና በር ላይ ይሞክር ጀመር። ቁልፉን ወሰደችበት። ኪኒኗን በውሃ ዋጠችና፣ ወገቧ ገና እየተቆረጠ፣ ራሷ ነዳች። እሱ ጎኗ ተቀምጦ ሥራ አጥቶ፣ ላገኘው መንገደኛ ሁሉ በመስኮት ሰላምታ ይሰጥ ነበር።

ጋራዡ ሲደርሱ እናት ቢሮው ውስጥ እንደነበሩ ናቸው። ልጃቸው ስትገባ አልተነሱም። «ተዋረድሽ?» ብቻ አሉ።

ጆሮ አጠገባቸው ያለው ጎማ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሽፋኑ፣ ስለጠፋው መስመር። እናት ሲሰሙ ሲሰሙ ቆይተው እጃቸው መነጽራቸው ላይ ቆመ።

«የኋላው ግድግዳ ወፍሮ?»

«ወፍሮ፣ እማዬ።»

«ደሙ እየረጋ ይወርዳል ብለሻታል? ጭን ድረስ እየጎተተ?»

«ብያታለሁ። ያንቺንም ጠየቅኋት። አንቺን ሳላይ በእርግጠኝነት አልናገርም፣ ግን ሊሆን ይችላል አለች። ያኔ ከወጣ በኋላ ካልሆነ የሚያውቀው አልነበረም አለች። ካወቁም ለአንቺ የነገረሽ የለም።»

እናት መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ። ውጭ ሠራተኞቹ ጎማ ያንከባልላሉ። ከዚያ በቀስታ፣ «የባሌ እህቶች ሰነፍ ይሉኝ ነበር» አሉ። «በወር በወር የምትተኛ ይሉኝ ነበር። አባትሽ እንኳ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ክፉ ሰው አልነበረም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ‘ምን ሆነሽ ነው? ንገሪኝ’ ይለኝ ነበር። የምነግረው አልነበረኝም።»

ጆሮ የእናቷን እጅ ያዘች። 

ይሄኔ ከመንገዱ ዳገት በኩል አገር የሚያደነቁር ጩኸት መጣ። መምህሩ ናቸው። ጭቃ የለበሰች መኪናቸው ግቢውን ሰንጥቃ ገባች፤ እሳቸው ከመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ ፊታቸው በድል ፈክቶ፣ «እየጮኸች አመጣኋት» ይላሉ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጥለው ሳቁ። ጆሮም ብድግ አለች፤ ካቻቢቴዋን ከኪሷ እየመዘዘች ወደ በሩ ሄደች።

«ቆይ» አሉ እናት። የስልኩን እጀታ አንስተው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። «ለእህቴ ልደውልላት ነው። እሷም ሰነፍ ትለኝ ነበር። እስቲ የበሽታውን ስም አንዴ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»